እጨጌ ዕንባቆም

እጨጌ ዕንባቆም (የቀድሞ ስማቸው አቡል ፈትሕ፤ 1470 ገደማ – 1560ዎቹ እ.ኤ.አ.) በየመን ተወልደው በኢትዮጵያ የኖሩ መነኩሴ፣ ተርጓሚና ደራሲ፣ የደብረ ሊባኖስ ገዳምም አበምኔት ነበሩ። ከእስልምና ወደ ክርስትና የገቡ ሲሆን፣ በደብረ ሊባኖስ አበምኔቶች ተራ ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጀምሮ ሲቆጠር አሥራ አንደኛው ናቸው። ከእርሳቸው በፊት በዚያ መንበር የተቀመጠ የውጭ አገር ተወላጅ አልነበረም። ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ) በጻፉት «አንቀጸ አሚን» እና ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ በመለሱት «በረላም ወይዋስፍ» ይታወቃሉ።

«በረላም ወይዋስፍ» በክርስትና ልብስ የቀረበ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው። ዕንባቆም ይህን ማወቃቸውን የሚያሳይ ነገር የለም። የሕንዱ ልዑል፣ ዓለም ኃላፊ መሆኗን ተረድቶ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ የወጣው ሲዳርታ፣ በኢትዮጵያ ገዳማት የተነበበው ግን በእርሳቸው ብዕር ነው። ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ቡድሂዝም ያስተማረው ከታሪኩ ጋር ምን ያህል እንደ ተሻገረ ከታች ተመልክቷል።

ከየመን ወደ ደብረ ሊባኖስ

ዕንባቆም በየመን በሙስሊም ቤተሰብ ተወልደው በእስልምና ትምህርት አደጉ። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በአፄ እስክንድር ዘመን (1478–1494 እ.ኤ.አ.)፣ ገና በወጣትነታቸው ነው። በዚያን ጊዜ በቀይ ባሕር ማዶና ማዶ የነጋዴው፣ የምርኮኛውና የመንገደኛው ምልልስ የማይቋረጥ ስለ ነበር የአንድ የመናዊ መምጣት እንግዳ ነገር አልነበረም። ያልተለመደው ከመጡ በኋላ የሆነው ነው። ሃይማኖታቸውን የለወጡት በአንድ ቀን አይደለም፤ ለዓመታት ሲጠይቁና ሲመረምሩ ቆይተው ነው። በመጨረሻ የደብረ ሊባኖሱ አበምኔት አባ ጴጥሮስ መከሯቸው፣ አስተማሯቸው፤ ተጠምቀውም በነቢዩ ዕንባቆም ስም ተጠሩ። ቀጥሎም በዚያው ገዳም መነኮሱ።

ገድላቸው የሚያውቋቸውን ቋንቋዎች በዛ አድርጎ ይቆጥራል። የገድል ጸሐፊ ለሚያወድሰው ሰው መጨመሩ የተለመደ ቢሆንም፣ ዓረብኛ የአፍ መፍቻቸው፣ ግዕዝ ደግሞ የሥራ ቋንቋቸው ስለ መሆኑ ትርጉሞቻቸው ምስክር ናቸው። ከግብፅ ከመጡት ጳጳስ ከአቡነ ማርቆስ ጋርም ቅርበት ነበራቸው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ብዙ መጻሕፍቷን ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን የምታገኘው በዓረብኛ ስለ ነበር፣ ዓረብኛን እንደ ተወላጅ የሚያነብ፣ ግዕዝንም ጠንቅቆ የተማረ መነኩሴ ለቤተ መንግሥቱም ለጳጳሱም የሚፈለግ ሰው ነበር። በ1523 እ.ኤ.አ. የዮሐንስ አፈወርቅን የዕብራውያን መልእክት ትርጓሜ ወደ ግዕዝ መልሰዋል።

አባ ጴጥሮስ ከሞቱ በኋላ አፄ ልብነ ድንግል ዕንባቆምን የደብረ ሊባኖስ አበምኔት አድርገው ሾሟቸው። ሹመቱ አልሰነበተም። ለንጉሡ ታማኝ አይደሉም ተብለው ተከሰሱ፤ ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ግዞት ተለወጠላቸው። ምሕረት ቢደረግላቸውም ወደ መንበራቸው ወዲያው አልተመለሱም፤ በብሕትውና ተቀመጡ። የተገኙበት አገርና የቀድሞ ሃይማኖታቸው ለከሳሾቻቸው ምን ያህል እንደ ጠቀመ ለመገመት አይከብድም፤ ከአዳል ጋር ያለው ግንኙነት እየከረረ የሄደበት ጊዜ ነበርና።

ስደትና አንቀጸ አሚን

በ1529 እ.ኤ.አ. በሽምብራ ኩሬ ጦርነት የአፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት በኢማም አሕመድ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደብረ ሊባኖስን ጨምሮ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጠሉ። ዕንባቆም እንደ ሌሎቹ መነኮሳት ተሰደዱ፤ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጋፋትና ወደ ቢዛሞ እንደ ሸሹም ይነገራል። ቢዛሞ ከአባይ በስተደቡብ፣ በአንገርና በዴዴሳ ወንዞች መካከል የነበረ ጥንታዊ ግዛት ነው። ዴዴሳ ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወርዶ በዛሬው ቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በካማሺ አካባቢ ከአባይ ጋር ይገናኛል።

በ1540 እ.ኤ.አ. በዚሁ የስደት ዘመን «አንቀጸ አሚን»ን ጻፉ፤ ትርጉሙ የእምነት በር ማለት ነው። መጽሐፉ ለኢማም አሕመድ የተላከ ደብዳቤ ሆኖ የቀረበ ሲሆን፣ መጀመሪያ በዓረብኛ ተጽፎ በኋላ በግዕዝ እንደ ተስፋፋ አጥኚዎች ያምናሉ። ሐሳቡ ሁለት ወገን አለው። በአንድ በኩል የክርስትናን እውነትነት በክርክር ያስረዳል። በሌላ በኩል ኢማሙ ቤተ ክርስቲያን ከማቃጠልና መነኮሳትን ከመግደል እንዲታቀቡ ይለምናል፤ ለዚህም የሚጠራው ምስክር ኢማሙ የሚያምኑበትን ቁርኣን ነው። ቁርኣን ስለ ኢየሱስ፣ ስለ ማርያም፣ ስለ ወንጌልና ስለ መነኮሳት የሚናገረውን እየጠቀሰ ይሄዳል። በግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ቁርኣንን በዚህ ስፋትና በዚህ ዕውቀት የሚጠቅስ ሌላ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል። በግዞት የተቀጣ ሰው ለቀጣው መንግሥት ቤተ ክርስቲያን መቆሙም ልብ የሚባል ነው።

ጦርነቱ በደብዳቤ አልቆመም። አፄ ልብነ ድንግል በዚያው ዓመት በደብረ ዳሞ ሞቱ፤ ኢማም አሕመድ በ1543 እ.ኤ.አ. በወይና ደጋ ተገደሉ። ልጃቸውና ተተኪያቸው አፄ ገላውዴዎስ (1540–1559 እ.ኤ.አ.) የፈረሰውን ማደስ ሲጀምሩ ዕንባቆምን አማካሪያቸው አድርገው አስጠጓቸው። የተቃጠለው መጽሐፍ ብዙ ስለ ነበር የቤተ መንግሥቱና የገዳማቱ አንዱ ጭንቀት እንደ ገና መጻፍና መተርጎም ሆነ። «በረላም ወይዋስፍ» የተተረጎመው በዚህ ጊዜ፣ በ1553 እ.ኤ.አ. ለአፄ ገላውዴዎስ ነው።

በረላም ወይዋስፍ

ታሪኩ በሕንድ ይጀምራል። ክርስቲያኖችን የሚያሳድድ አንድ ንጉሥ ልጅ ይወለድለታል። አንድ ኮከብ ቆጣሪ ሕፃኑ ታላቅ እንደሚሆን፣ ነገር ግን የሚነግሠው በሌላ መንግሥት እንደ ሆነ ይነግረዋል። ንጉሡ ፈርቶ ልጁን ይዋስፍን ሕመምና ሞት በማይነሣበት አዳራሽ ውስጥ ያሳድገዋል። ልጁ አድጎ ፈቃድ አግኝቶ ሲወጣ በመንገድ ላይ በሽተኛና ዕውር፣ ቀጥሎም ጎባጣ ሽማግሌ ያያል። ይህ በሁሉም ላይ የሚደርስ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያም በኋላ ምግብ አይጣፍጠውም። በዚህ ጊዜ በረላም የሚባል ባሕታዊ፣ ዋጋው የማይገመት ዕንቁ የሚሸጥ ነጋዴ መስሎ ወደ እርሱ ይገባል። ዕንቁው ትምህርቱ ነው። ልዑሉ ይጠመቃል፤ ከአባቱ ጋር ይከራከራል፤ አባቱም በመጨረሻ ያምናል። ይዋስፍ መንግሥቱን ለሌላ አስረክቦ መምህሩን ፍለጋ በረሃ ይገባል፤ በዚያም መንኖ ይሞታል።

የቡድሃን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ከዚህ ውስጥ ትንቢቱን፣ የተዘጋውን ቤተ መንግሥት፣ በመንገድ ላይ ያጋጠሙትን ሰዎችና ምናኔውን ወዲያው ይለያል። ስሙ ራሱ ምስክር ነው። ቦዲሳትቫ፣ ማለትም ቡድሃ ለመሆን በመንገድ ላይ ያለ ሰው፣ በመካከለኛው እስያ በማኒ ተከታዮች ዘንድ አልፎ በዓረብኛ ቡዳሳፍ ሆነ። በዓረብኛ ጽሕፈት በቃል መጀመሪያ ላይ የሚገኙት «ባ» እና «ያ» የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ስለ ሆነ አንድ ነጥብ የጨመረ ገልባጭ ቡዳሳፍን ዩዳሳፍ አደረገው። ጆርጂያውያን ከዓረብኛ ወስደው የክርስቲያን ታሪክ አደረጉት። በ1000 እ.ኤ.አ. ገደማ በአቶስ ተራራ የነበረው ጆርጂያዊ መነኩሴ ኤውቲሚዮስ ወደ ግሪክኛ መለሰው፤ በግሪክኛ ዮአሳፍ ተባለ። ከግሪክኛ ወደ ላቲንና ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች፣ እንዲሁም ተመልሶ ወደ ክርስቲያን ዓረብኛ ተተረጎመ። ዕንባቆም የያዙት ይህን የመጨረሻውን ነው። ስለዚህ ታሪኩ በዓረብኛ ሁለት ጊዜ አልፏል፤ አንዴ ከምሥራቅ ሲመጣ፣ አንዴ ከግሪክ ሲመለስ።

የግሪክኛው ርእስ ታሪኩ የመጣው ሕንድ ከምትባል ከውስጠኛይቱ ኢትዮጵያ ነው ይላል። በጥንታዊው ዓለም ሕንድና ኢትዮጵያ የሚቀያየሩ ስሞች ስለ ነበሩ ይህ ስሕተት ብቻውን የሚገርም አይደለም፤ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ መጽሐፉ በእርግጥ ኢትዮጵያ መግባቱ ግን የታሪክ ቀልድ ይመስላል። እንዲሁም በግሪክኛው በረላም የመጣበት በረሃ ሰናዖር የተባለው የመጽሐፍ ቅዱሱ የባቢሎን ምድር ነው፤ ከአሶሳ አልፎ በጥቁር አባይ ዳር በሱዳን ከሚገኘው፣ የፉንጅ መንግሥት መናገሻ ከነበረው ሴናር ጋር በስም መመሳሰል እንጂ ግንኙነት የለውም።

ከአባቱ ጋር በሚደረገው ክርክር ውስጥ ግሪክኛው ጸሐፊ የሁለተኛውን መቶ ዓመት የአሪስጢዴስን የክርስትና መከላከያ አስገብቶታል። እርሱም ሰማይ፣ ምድር፣ ውኃ፣ እሳትና ነፋስ ራሳቸው የሚለወጡና የሚጠፉ፣ በሌላ ኃይል የሚንቀሳቀሱ ስለ ሆኑ አምላክ ሊባሉ አይችሉም እያለ አንድ በአንድ ይመረምራቸዋል። ይህ የግሪክ ፍልስፍና ያሳደገው ክርክር ነው እንጂ ከሕንድ የመጣ አይደለም።

አራቱ እባቦችና አምስቱ ገዳዮች

በረላም ለልዑሉ ከሚነግራቸው ምሳሌዎች በጣም የታወቀው የጕድጓዱ ሰው ነው። አንድ ሰው አንድ ቀንድ ካለው አውሬ ሲሸሽ ጕድጓድ ውስጥ ይወድቅና አንድ ዛፍ ይይዛል። ወደ ታች ሲያይ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አይጥ የዛፉን ሥር ይቆረጥማሉ፤ ከበታቹ ዘንዶ አፉን ከፍቷል፤ እግሩ ከተደገፈበት ግድግዳ አራት እባቦች ራሳቸውን አውጥተዋል። ሰውየው ግን ከቅርንጫፉ ጥቂት ማር ሲንጠባጠብ አይቶ ይህን ሁሉ ረስቶ መላስ ይጀምራል። ፍቺውም በዚያው ተሰጥቷል፦ አውሬው ሞት ነው፤ አይጦቹ ቀንና ሌሊት፣ ዘንዶው የሲኦል ሆድ፣ ማሩ የዓለም ጣዕም ነው። አራቱ እባቦች ሥጋ የተሠራባቸው አራቱ ባሕርያት ናቸው፤ ሚዛናቸው ሲናጋ ሥጋ ይፈርሳል።

ይህ ለኢትዮጵያዊ ሊቅ እንግዳ ትምህርት አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰው ሰባት ባሕርያት አሉት፤ አራቱ ባሕርያተ ሥጋ መሬት፣ ውኃ፣ እሳትና ነፋስ ናቸው፤ ሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ ደግሞ ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት ናቸው። ማሰብ፣ መናገርና ሕያው ሆኖ መኖር የነፍስ ስለ ሆኑ አራቱ ሲበተኑ ሦስቱ አይበተኑም። የግዕዝ አንባቢ አራቱን እባቦች ሲያገኝ ቀድሞ የሚያውቃቸውን ነው ያገኘው።

ቡድሂዝምም አራቱን በእነዚሁ ስሞች፣ መሬት፣ ውኃ፣ እሳትና ነፋስ ብሎ ይጠራቸዋል። በፓሊ ቋንቋ ከተጠበቁት የቡድሃ ስብከቶች በአንዱ ከአራት መርዘኛ እባቦች የሚሸሽ ሰው ምሳሌ አለ፤ እባቦቹም እነዚሁ አራቱ ናቸው። በዚያ ስብከት ግን ሰውየውን የሚያሳድዱት እባቦቹ ብቻ አይደሉም። ሰይፍ የመዘዙ አምስት ገዳዮች ይከተሉታል። እነዚህ ሰውን ሰው የሚያደርጉት አምስቱ ክምሮች ናቸው፦ ግዙፉ አካል፣ ስሜት፣ ለይቶ ማወቅ፣ የፈቃድና የልማድ ዝንባሌዎች፣ በአምስተኛም ንቃተ ኅሊና። ሸሽቶ የሚደርስበት ባዶ መንደር ደግሞ ስድስቱ የስሜት በሮች ናቸው፤ ቡድሂስቶች አእምሮን ከዓይን፣ ከጆሮ፣ ከአፍንጫ፣ ከምላስና ከአካል ጋር ስድስተኛ በር አድርገው ይቆጥሩታልና። ቤት እየከፈተ ሲገባ ማንንም አያገኝም።

በጕድጓዱ ምሳሌ ውስጥ እባቦቹ አሉ፤ ገዳዮቹ የሉም። በሁለቱ ትምህርቶች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነትም በዚህ ጎልቶ ይታያል። በቡድሂዝም ንቃተ ኅሊና ከሚያልፉት ነገሮች ውጭ ቆሞ የሚመለከት ነፍስ አይደለም፤ ዓይንና የሚታይ ነገር ሲገናኙ ይነሣል፣ ምክንያቱ ሲያበቃ ይጠፋል፣ ሌላም ይተካዋል። «የሚሊንዳ ጥያቄዎች» የተባለው መጽሐፍ ይህን በሠረገላ ይመስለዋል፤ መንኰራኩሩ ብቻውን ሠረገላ አይደለም፣ ዘንጉም አይደለም፣ ከክፍሎቹ ሌላም ሠረገላ የሚባል ነገር የለም። ኋላም ናጋርጁና ሁሉም ነገር በሌላ ላይ ተደግፎ የሚኖር እንጂ የራሱ የሆነ ጽኑ ባሕርይ የሌለው ነው በማለት ይህን ወደ ግዑዙም ዓለም አሰፋው። ቫሱባንዱ ደግሞ አልፎ ሄደ፤ በውጭ አለ የምንለው ቁስ በሕልም እንደሚታይ ነገር በአእምሮ ውስጥ የሚገለጥ ብቻ እንደ ሆነ በ«ሃያ ግጥሞች» ተከራከረ። እነዚህ ሁለቱ የተነሡት ከቡድሃ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ስለ ሆነ ስለ ልዑሉ በሚተርከው ታሪክ ውስጥ ባይገኙ አይደንቅም።

ስለዚህ «በረላም ወይዋስፍ»ን የቡድሂዝም መጽሐፍ ማለት ትክክል አይደለም። በውስጡ ዓለም በእግዚአብሔር የተፈጠረች፣ በእርግጥ ያለች፣ ኃላፊ ግን የሆነች ናት፤ ነፍስ ጸንታ ትኖራለች፣ ትጠየቃለች። ሁለቱም ትምህርቶች ማር የሚልሰውን ሰው ሞኝ ይሉታል፤ ከዛፉ ሲለቅ ማን ነው የሚወድቀው ቢባሉ ግን መልሳቸው አይገናኝም። ምናኔን ለሚያውቅ ገዳም የመጀመሪያው በቂ ነበር። ልጅነታቸውን በአንድ ሃይማኖት፣ ዕድሜያቸውን በሌላ ያሳለፉት፣ ሹመትና የሞት ፍርድ በአጭር ጊዜ የተፈራረቁባቸው ዕንባቆም፣ ዙፋኑን ትቶ ስለ ወጣው ልዑል ሲጽፉ ባዕድ ነገር እየጻፉ አልነበረም።

የመጨረሻ ዘመንና ጥናት

አፄ ገላውዴዎስ በ1559 እ.ኤ.አ. ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ዕንባቆም ከዚያ በኋላ፣ በ1560ዎቹ እ.ኤ.አ. በከፍተኛ ዕድሜ እንደ ሞቱ ይገመታል። ደብረ ሊባኖስ ከታላላቅ አበምኔቶቿ ቆጥራ ገድል ጽፋላቸዋለች። ገድሉን ጣሊያናዊው የግዕዝ ሊቅ ላንፍራንኮ ሪቺ ከአበምኔት ዮሐንስ ገድል ጋር አሳትሞታል።

«በረላም ወይዋስፍ» በኢትዮጵያ ገዳማት ሲገለበጥ ቆይቶ፣ እንግሊዛዊው ዋሊስ በጅ በብሪታንያ ቤተ መዘክር ከሚገኙ ብራናዎች ግዕዙን ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር በ1923 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። በጅ በርእሱ ላይ የቡድሃን ስም በግልጽ አስቀምጧል። «አንቀጸ አሚን»ን ደግሞ ሆላንዳዊው ቫን ዶንዜል በ1969 እ.ኤ.አ. በላይደን ከትርጉምና ከሰፊ መግቢያ ጋር አወጣው።